በቀይ እርሳስ የተጻፉ ሳሎች

ኅዳር 2፣ ጠዋት 1 ሰዓት

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ፣ ደብተሬ። የዘንድሮው ጉንፋን ሁሉንም ይይዛል፤ ሁሉንም እኩል አይጥልም። አንዱ ሦስት ቀን አስነጥሶ ይነሣል፤ ሌላው ሁለት ሳምንት ይተኛል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ማወቅ ግን እፈልጋለሁ። ምክንያቱን ኋላ እጽፋለሁ።

ሙቀት መለኪያውን አጠብሁ። ባለቤቴ ብርቄ 37። ደኅና። ጎረቤታችን ሙላት፣ የፋብሪካው ሸማኔ፣ ዛሬም 39። ዘጠነኛ ቀኑ። ሚስቱን በዚያው ሳምንት ይዟት በአራተኛው ቀን ገበያ ወጣች። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ ጉንፋን።

ሲ/ር ጥሩወርቅ ከጤና ጣቢያ መጣች። ዓባይ ማዶን በእግሯ ነው የምታዳርሰው። አምስተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮት አጠገብ። የሙላትን ደረት አዳመጠች። አልቸኮለችም። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከብብት ሥር። ከዚያ ለሁሉም የምትጠይቀውን ጠየቀችው፦ ከዚህ በፊት ደረትህን ምን አሞህ ያውቃል? ምንም፣ አለ። መልሱን ጻፈች። እንዳላመነችው ከእርሳሷ አያያዝ አወቅሁ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀኑን ሙሉ ከራሴ አልወጣ አለ።

ኅዳር 4፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሣጥኑን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። የሠላሳ ዓመት የስም መጥሪያ ደብተሮቼ። ት/ቤቱ የራሱን ያስቀራል፤ እነዚህ የግሌ ግልባጮች ናቸው። በኔ ክፍል የቀረ ተማሪ ዝም ብሎ ቀሪ አይባልም ነበር። ምክንያቱ ከስሙ ጎን በቀይ እርሳስ። ትክትክ። ሳንባ ምች። ሳንባ ነቀርሳ። አባት ሞቶበት። አጨዳ። ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር።

ሙላት፣ ወንበር ቁጥር 14። ግማሽ ዓመት ቀሪ። ሳንባ ምች። ከዚያ እንደገና ሳንባ ምች።

ረስቶታል። ወይም ያኔም አልነገሩትም። ገጹን ደግሜ አነበብሁት። ከደስታ ነው፣ አላፍርም።

ኅዳር 7

ክፉኛ የተኙ አምስት የቀድሞ ተማሪዎቼን ገጽ አየሁ። አራቱ ቀይ አላቸው። አራቱም ደረት። የአንዱ ገጽ ንጹሕ ነው፤ ዘለልሁት። ሕጉን በትልቁ ጻፍሁ፦ ያለፈ የደረት በሽታ የዛሬውን ጉንፋን ያከብዳል። ከሥሩ ሁለት መሥመር።

ምክንያቱን አሁን ልጻፍ። ታናሽ ወንድሜ መሪጌታ ኅሩይ ሐይቁ መካከል ባለው የገዳም ደሴት ላይ ዜማ ያስተምራል። ኅዳር 21 ጽዮን ናት፤ ማኅሌቱን የሚመራው እሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ፣ በብርድ፣ ከየዳርቻው በመጣ የሚያስል ሕዝብ መካከል። በልጅነቱ ሳንባ ነቀርሳ አንድ ዓመት አስተኝቶታል። ድኗል። ግን ዳገት ሲወጣ ዛሬም ያፍነዋል።

ሕጉ እውነት ከሆነ ዘንድሮ መቅረት አለበት። እውነት ካልሆነ የዓመት ደስታውን በከንቱ ልነጥቀው ነው።

ኅዳር 8፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ለጥሩወርቅ አሳየኋት። በቆመችበት ሁለት ጊዜ አነበበች። ደኅና የሆኑትንስ ገጽ ገልጠዋል ወይ አለችኝ። በሦስት ቀን የተነሡትን፣ ጭራሽ ያልያዛቸውን።

አልገለጥሁም።

ሣቀች። "ጋሼ፣ የግማሹን ክፍል ስም ብቻ ጠርተው ቀሪ ይቆጥራሉ እንዴ? እኔ እንዲህ ብሠራ በቀይ ይሰርዙብኝ ነበር።"

ሠላሳ ዓመት ስም የጠራሁ ሰው! ፊቴ ጋለ። ቀጥሎ ሌላ ስሜት መጣ፤ ኩራት ልበለው። ያስተማርኋት ልጅ ያስተማርኋትን መለሰችልኝ፣ ያውም አሳምራ። ከሕጉ ሥር ያሉትን ሁለቱን መሥመሮች ላጲስ አነሣሁና አጠፋሁ። ከዚያ ሕጉንም።

ኅዳር 10

የሁሉንም ገጽ ከማየቴ በፊት ማን እንደተያዘ፣ ስንት ቀን እንደተኛ መጠየቅ ነበረብኝ። ደብተር ይዤ ዞርሁ። ሰው ሰላም ይለኛል፣ ደብተሩን ያያል፣ በሩን ገርበብ ያደርጋል። አንዲት እናት ልጄ እዚህ የለም፣ ዱርቤቴ ከሄደ ቆይቷል አለችኝ። ስለ ልጇ አልጠየቅኋትም። ያኔ ገባኝ። ወጣት ለጦር ሜዳ በሚታፈስበት በዚህ ዘመን ስም እየጻፈ የሚዞር ሰው ምን እንደሚመስል እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

ለጥሩወርቅ ነገርኋት። ስም አይጻፉ፣ በወንበር ቁጥር ይጻፉ አለች፤ ቁጥሩን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ያልደረስሁበትን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ከሰዓት በኋላ ባዶ እጄን ዞርሁ። ቁጥሮቹን ቤት ስገባ ከቃሌ ጻፍሁ። የዚያችው እናት ልጅ ከጓዳ ወጣ። ቁጥር 31፣ ሣቂታው። "ጋሼ፣ ዛሬም የሐኪም ወረቀት አምጣ ሊሉኝ ነው?" አራት ቀን ነው የተኛው።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ጭሱ ሐይቁ ላይ ተኝቷል፤ ደሴቶቹ አይታዩም። እናቴ በልጅነቷ ያየችውን የኅዳር በሽታ ታወራን ነበር። ብርቱው ገበሬ ወድቆ ደካማዋ አሮጊት እንደቀበረችው። ማን እንደሚተርፍ ማንም አያውቅም ነበር፣ ትለን ነበር።

ሠንጠረዡ አለቀ። ቀይ ካላቸው የሚበዙት ከብዷቸዋል። ግን ትክትክ ይዟቸው የነበሩ ሁለቱ በሦስት ቀን ተነሡ። ያ የዘለልሁት ባለ ንጹሕ ገጽ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ታመመ። ቀይ ካላቸው ጥቂቶቹ ፋብሪካው ውስጥ የጥጥ ብናኝ ሲምጉ የሚውሉ ናቸው። ያከበደው የድሮው በሽታ ነው ወይስ ብናኙ?

እንግዲህ ምን እንበል አልኋት ጥሩወርቅን። አላውቅም አለች። እንዲሁ፣ ሳትሽኮረመም። በማስተማር ዘመኔ ይህችን ቃል በክፍል ፊት ስንት ጊዜ ተናገርሁ? ምናልባት ሁለቴ። ቆስሎ የዳነ ሳንባ ጠባሳ ይይዛል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ጉንፋን ሲይዘው ትፈራለች። ትክትክ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም በአንድ ቀይ መጻፍ አልነበረብንም አለች። "አልነበረብንም" ነው ያለችው፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ ሆኖ ሳለ። ደግሞም የማያውቅ ሰው መጠንቀቅ አይከለከልም አለች።

ከዚያ፦ የእርስዎ ወንበርስ የት አለ?

ሠንጠረዡ ውስጥ እኔ የለሁም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሳንባ ነቀርሳ ቤታችን መጀመሪያ የገባው በኔ ነው፣ በዐሥራ ስምንት ዓመቴ። ኅሩይ ያኔ ከኔ ጋር በአንድ ጋቢ ይተኛ ነበር። ነገርኋት።

ብርቄ ከጓዳ፦ "እሱን እኔ ከሠርጋችን ማግሥት ጀምሮ አውቃለሁ። ሲያስሉ ቀኝ ጎናቸውን ይደግፋሉ። የደበቁ መስሏቸው እኮ ነው!"

ቁጥር 0 ብዬ ራሴን ጨመርሁ። ቀይ።

ኅዳር 14

39። ራስ ምታት። ጉልበት የለኝም። ቁጥር 0 ተያዘ።

ኅዳር 16

37 ከ5። ብርቄ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጥሩወርቅ አልተደሰተችም። ትኩሳቱ ወርዶ ዳግም ከወጣ ወዲያው ጥሩኝ ብላ ሄደች።

11 ሰዓት። 39 ከ4። ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል። ብርቄ ላከችባት።

ኅዳር 17

ፔኒሲሊን፣ ጠዋትና ማታ። ጥሩወርቅ ከዓባይ ድልድይ ማዶ እስከዚህ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች። ከጉንፋኑ በኋላ ሌላ በሽታ ተከትሎ ሳንባውን ይይዛል፤ የጠበቀችውም እሱን ነው። እኔ የትናንቱን አነባለሁ፤ እሷ የነገውን። መርፌውን ስትወጋኝ የማባዛት ሠንጠረዥ ታስወጣኛለች፤ አምስተኛ ክፍል ሳሉ ክትባት የመጣ ዕለት እኔ እንዲህ አደርጋቸው ነበር። የስምንትን ተሳሳትሁ። አረመችኝ።

ኅዳር 18፣ ጠዋት 3 ሰዓት

38። ትራስ ተደግፌ። እጄ ይጽፋል።

እንጨት ያመጣው ታንኳ ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴቱ ይመለሳል። ለኅሩይ ልጽፍለት ወሰንሁ። ግልባጩን እዚህ አኖራለሁ።

"ኅሩይ፣ እንደምን ሰነበትህ። የተረጋገጠ ነገር አለ ብዬ አልዋሽህም። የድሮው ሕመማችን ይህን ጉንፋን ያክብደው አያክብደው አላውቅም። ከኔ የምትበልጥ ሴት ጠየቅሁ፤ እሷም አላውቅም ብላኛለች። በኔ ግን ከብዷል። አንድ ሰው ሕግ አይሆንም፤ ቢሆንም ከዚህ አልጋ ላይ ሆኜ አንተ ጸናጽል ይዘህ ስትቆም ይታየኛል።

ሌላም አለ። በዚያ ጋቢ አብረን ስንተኛ አስል የነበርሁት እኔ ነኝ። የያዘህ ከኔ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ አልነገርሁህም። ይቅር በለኝ።

እንዳንተ ያለ ድምፅ ሐይቁ ላይ የለም። ቀዛፊዎቹ እንኳ መቅዘፊያቸውን አቁመው ይሰሙሃል። ለከርሞም እንዲሰሙህ ነው የምለምንህ። ዘንድሮ ደቀ መዝሙርህ ይምራ። አንተ ከጎጆህ ተጋድመህ አዳምጠው፤ ስሕተቱን ቁጠርለት። ተማሪ ከመምህሩ ሲሻል መስማት ምን ያህል ደስ እንደሚል በዚህ ወር አይቼዋለሁ።

እሺም በል እምቢም በል፣ ታንኳው ሲመለስ፣ ከ20 ማታ በፊት፣ መልስህን በጽሑፍ ላክልኝ። አደራ፣ አታቆየኝ።"