መድረክ ላይ የሚጠጣው ሻይ

ልጄ ግሮኛ፣

ቅድስት ብሪጂድ እዚያ ሲድኒም ድረስ መጎናጸፊያዋን ትደርብልሽ። እንደምን ከረምሽ? እኛ ደኅና ነን፤ ዝናቡ ብቻ አልለቀቀንም። ቀይዋ ላም ወለደች። አንቺ ደግሞ በዚያ ፀሐይ ያለ ባርኔጣ እንዳትወጪ።

ቅዳሜ የቲያትር ቡድናችን ለአዳራሹ ጣራ ማሠሪያ ገንዘብ አሰባሰበ። ተዋንያኑ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን የድሮ ተውኔት ይጫወታሉ፣ እንግዳው እየጠጣ ያዳምጣል። አባትሽ እንደ ዱሮው የመጠጥ ቤቱን ሽማግሌ ሆኖ ተጫወተ።

መድረክ ላይ ውስኪ የሚባለው ሁልጊዜ የቀዘቀዘ ሻይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። መጠጥ የምትቀዳው ጎረቤታችን ዲምፍና ግን ጠርሙሶቹን አቀያየረቻቸው። ቄሱ ከኋላ ሆነው፣ "አንቺ ዲምፍና፣ አሞኛል አልኩሽ እንዴ? ይሄ እኮ ሻይ ነው!" ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ክው አልኩ። እውነተኛው ውስኪ የተቀዳበት የአባትሽ ብርጭቆ ከንፈሩ ጋ ደርሷል። ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ለአንቺ አይነገርም።

ጽሑፉ "በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል" ይላል። አባትሽ አሸተተው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና፣ "ይቅርብኝ፤ ልጄ ጥላኝ ከሄደች ወዲህ ትቻለሁ" አለ።

ጽሑፉን ይዤ ቃል የማስታውሳቸው እኔ ነኝ። እንዲህ የሚል ነገር የለበትም። ቀጣዩን ቃል ማስታወስ እኔንም አቃተኝ።

እሱ ይህን አይነግርሽም። እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፣ ልጄ። እሁድ ስትደውዪ እኔን ብቻ አናግረሽ አትዝጊው። አባትሽ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማን።

እናትሽ