ውርጩ ሊለቀን ነው

የካቲት 3፣ ማክሰኞ፣ ሰቆጣ

ተመስገን። የጠዋቱ ሬዲዮ ከሐሙስ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ደጋማ አካባቢዎች የሌሊቱ ቅዝቃዜ እየቀነሰ፣ የቀኑም ሙቀት እየጨመረ ይሄዳል አለ። ቁርሴን ሳልጨርስ ጋዝጊብላ ላሉት ለአባባ ደወልሁ። ጥርን ሙሉ ውርጩ ባቄላቸውን ሲያቃጥለው ከርሟል፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን የእሳቸው ሳል ነው።

«አባባ፣ ብርዱ ሊለቅዎት ነው» አልኋቸው።

«ሬዲዮው እኛን መጥቶ አይቶናል?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን «እርግጠኛ ነሽ? ንቦቼ ይተርፋሉ ማለት ነው» አሉኝ። ቀፎዎቹን በእበት መርገው፣ በጭድ ሸፍነው እንኳ አላመኑም ነበር።

ሲያስሉ ሰማኋቸውና ለጥምቀት የገዛሁላቸውን ጋቢ ይለብሱት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ስለ ባቄላው ያወሩኝ ጀመር። አባባ ወሬ ካስቀየሩ ነገር አለ።

«ያች ከጓሮ ያለችዋ ደካማ ቀፎ ብርዱን አልቻለችውም» አሉ በመጨረሻ። «ለእሷ ደረብሁላት።»

ተናደድሁም፣ ሳቅሁም። ሰው እንዴት ልጁ የገዛችለትን ጋቢ ለንብ ያለብሳል?

«ከሞቀማ እወስደዋለሁ፤ ትንሽ ማር ማር ይላል እንጂ ምንም አልሆነ» አሉኝ። እሺ ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ዋልሁ። ተማሪዎቼ እንኳ «ቲቸር ዛሬ ምን አገኘች?» ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

አሁን ሲመሽና ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ ነው ትዝ ያለኝ። ሬዲዮው ያለው ከሐሙስ ጀምሮ ነው። ዛሬና ነገ ጋቢው ማን ላይ እንደሚያድር አልጠየቅኋቸውም።