ከጥቁሩ ዐለት ላይ ከፍ ብለው ላለፉት ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር የመንገድ ሥራ የበላይ ኃላፊያችን፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ መኪናዎ ከምድር ከፍ ብሎ፣ ጠጠር ሳይነካውና አቧራ ሳይደርስበት እንዲሰነብት ከልብ እየተመኘሁ፣ ከቡሬ ወዲያ ባለችው ደብራችን ቅኔ ሳስተምር ኖሬ፣ ዓይኔ ሲደክም ወንበሩን ለተማሪዬ የለቀቅሁ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ስጽፍልዎ ድፍረቴን በትዕግሥትዎ እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ።

አንደኛው ምስጋናዬ በጥር ወር ለአስተርእዮ ማርያም ንግሥ በመጡ ጊዜ ስላሳዩን ትዕይንት ነው። መንደራችንን ከቡሬ ጋር በሚያገናኘው ብቸኛ መንገድ፣ ከወንዙ መሻገሪያ አፍ ላይ፣ የመኪና ሆድ የሚፍቅ ጥቁር ዐለት ተጋድሞ እንደሚኖር ያውቃሉ፤ ወይም አያውቁም፣ ሳይሰማዎ አልፈዋልና። ሾፌርዎ አንዲት ቁልፍ ሲነካ ያ አንጸባራቂ መኪና ከተንበረከከበት እንደሚነሣ ግመል ቀስ ብሎ ከእግሩ ላይ ከፍ አለ፤ በብረት ሞላ ፈንታ የተነፋ አየር እንደሚሸከመውም ነገረን። ሊቀበሉዎ የወጡት ካህናት እንኳ ዝማሬያቸውን ገታ አድርገው፣ ከዐለቱና ከመኪናዎ ሆድ መካከል የገባውን ብርሃን ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ በየካቲት፣ በፍኖተ ሰላም ስብሰባ ላይ ስላነበቡት ሪፖርት ነው። በዚያ መንገድ ሲያልፉ በእጅዎ ከያዙት ውኃ ጠብታ እንኳ እንዳልፈሰሰ መስክረው፣ መንገዱ ምቹ ነውና ለጥገናው ታስቦ የነበረው ማሽን ወደ ሌላ ሥፍራ እንዲሄድ አዘዙ። ሌላው ሰው መንገድን በእግሩ እየረገጠ ሲመረምር፣ እርስዎ በተቀመጡበት ወንበር ልስላሴ መረመሩት፤ ይህ ጥበብ ለእኛ ዘመን አልተገለጠም ነበር።

እኛም ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ከፍ የሚል መኪና አጥተን አናውቅም። የመንደራችን ሾፌር የስመኘው ሚኒባስ ከዐለቱ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሞላው ሸክሙን ጥሎ መኪናው አራት ጣት ያህል ይነሣል፤ አንድ ሰውም ከፊት ጎንበስ ብሎ፣ የዘይት ቋቱ ዐለቱን እንዳይነካ እያየ፣ ሾፌሩን በእጁ ይመራል። ቁልፉ እኛው ነን።

መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ቀን ባለቤቴን ታንጉትን፣ ልቧ ደክሞ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ይዤ ስሄድ ከዐለቱ ደረስን። ስመኘው፣ «እመይቴ፣ እርስዎስ አይነሡ፤ ቢፋቅም ይፋቅ፣ ብረት ነው» አላት። እርሷ ግን፣ «በእኔ ክብደት የሰው እንጀራ ልሰብር? ዞር በል ወዲያ፣ እግር አለኝ!» ብላ ወረደች፤ ከዐለቱም ጫፍ ተቀመጠች። ሃምሳ ዓመት ባሏ የሆንሁት እኔ በዚያች ሰዓት ጎንበስ ብዬ የማየው የመኪና ሆድ ነበረ፤ «ና፣ ና፣ ወደ ግራ፣ አይነካህም» እያልሁ እመራ ነበር። ሚኒባሱ ሳይፋቅ ተሻገረ፤ ተሳፋሪውም አጨበጨበ። ዘወር ስል ታንጉት እንደ ተቀመጠች ነበረች። ዓይኗን እኔው ከደንሁላት።

ከዚያ ወዲህ ከዐለቱ ሲደረስ ሰው ሁሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይነሣም። ስመኘው ሞላው ደክሞ ይሆናል ብሎ አስፈተሸ፤ መካኒኩም ደኅና ነው አለው። በማግሥቱ፣ «ማነው እዚያ ውስጥ የቀረ?» ብሎ ቢጮኽ፣ ከሜዳው የቆሙት አሥራ አምስት ሰዎች፣ «ኧረ ሁላችንም ወርደናል፣ ምን ነካህ!» አሉት። ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። በሩን እንደገና ከፍቶ፣ አንዲት አሮጊት ከመስኮቱ ጥግ ተነሥታ ቀስ ብላ ለመውረድ የሚፈጅባትን ያህል፣ እጁን ለመደገፊያ ዘርግቶ ጠበቀ። ሞላው ተንቋቋ፤ መኪናውም አራት ጣት ተነሣ። ዛሬ ይህ የመንገዱ ሥርዓት ሆኗል፤ እንግዳ ተሳፋሪ እንኳ አይስቅም። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝና ሙታን እንደሚያርፉ አስተምሬያለሁ፤ ነገር ግን ያ መኪና በተነሣ ቁጥር ታንጉትን ዳግመኛ ያስወረድኋት እኔ እንደ ሆንሁ ይሰማኛል።

ሦስተኛው ምስጋና ሳይሆን ልመና ነው። የልጅ ልጄ ሀብትነሽ በሰኔ መጨረሻ የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች፤ የጤና ባለሙያዋም ደም መፍሰስ ስለሚያሰጋት ምጡ እንደ ጀመራት ከተኛችበት ሳትነሣ ሐኪም ቤት እንድትደርስ አጥብቃ አሳስባናለች። ሀብትነሽ ከሚኒባሱ ካልወረደች ሚኒባሱ አይሻገርም፤ ብትወርድም ከዚያው ዐለት ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ክረምቱ ሳይገባ ዐለቱን የሚፈልጥ ማሽን ለግማሽ ቀን ይላኩልን። የምለምንዎ መንገድ አይደለም፣ ክቡር ሆይ፤ የአንድ ድንጋይ መነሣት ነው።

ክቡርነትዎን ከታች ሆኖ ቀና ብሎ የሚያይ፣ የመኪናዎን ከፍታ የሚያደንቅ፣ ለዘወትር ጤናዎ የሚጸልይ ታዛዥዎ፣

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል
ግንቦት ስድስት ቀን ተጻፈ

ማስታወሻ፦ ዐለቱ ሳይፈለጥ ዳግመኛ የመጡ እንደ ሆነ፣ የኋላው ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ ቀበቶ ይታሰር የሚለው ደወል አልቆም ቢልዎ መካኒክ አያድክሙ። ታንጉት በሕይወቷ ሳያስወርዳት የሚያሻግራት መኪና አላገኘችምና፣ እባክዎ፣ እርስዎ እንኳ አያስወርዷት።