ሰባት ሚዛን በአንድ ጠረጴዛ ላይ፦ የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከአባታቸው ከአውቶቡስ መካኒኩና ከእናታቸው ከሆስፒታል ልብስ አጣቢዋ በጥቅምት ወር 1951 ዓ.ም. ከጋራዡ ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አፍ ከፈቱበት ቀን ጀምሮ ሰውን በጥያቄ አላስቀመጡም። ሳሙና ለምን ያንሸራትታል፣ ድመት ልጇን ለምን በማጅራቱ ታነሣለች፣ ማብቂያ የለውም። አባታችን ሞተር ሲፈቱ «ወይዘሪት ለምን መጣች፤ ብሎኑን ደብቁ!» ይሉ ነበር። የቤት ስማቸውም በዚያው «ወይዘሪት ለምን» ሆኖ ቀረ።

ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. በአዋላጅ ነርስነት ተመረቁና ሃያ አራት ዓመት በማዋለጃ ክፍል አገለገሉ። በ1976 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ አፍርተዋል። የበኩር ልጃቸው ሲወለድ ግን ጡት አልይዝ አለ። ስንቱን ያዋለዱት እህታችን ጡታቸው ቆስሎ ከሕፃኑ ጋር አብረው ያለቅሱ ነበር። አንድ ቀን እንባቸውን ጠርገው «ቆይ፣ ይሄን ነገር ለምን ማንም አላስተማረኝም?» አሉ። ጥያቄው አልለቀቃቸውም። የጡት ማጥባት አማካሪነት ሥልጠና ወስደው በ1996 ዓ.ም. ከሆስፒታሉ ወጡና ከፋርማሲ በላይ ባለች አንዲት ክፍል በግላቸው የጡት ማጥባት ምክር መስጠት ጀመሩ። ዕቃቸው አንድ ወንበር፣ አንድ ትራስና አንድ የሕፃን ሚዛን ነበር።

ሆስፒታል ሳሉ ግራ ሲገባቸው የሚጠይቁት ባልደረባ ነበራቸው፤ እዚህ ግን ከግድግዳ በቀር ማንም የለም። በከተማው ሌሎች ስድስት አማካሪዎች ቢኖሩም ሁሉም በራቸውን ዘግተው ይሠሩ ነበር፤ አንዷ የሌላዋን ስም በደግ አታነሣም። እውነቱን ለመናገር፣ እህታችንም ከዚህ አላመለጡም።

በ1998 ዓ.ም. አንዲት እናት ከመንገዱ ማዶ ካለችው አማካሪ ዘንድ ልጇን ባስመዘነች በሦስተኛው ቀን ወደ እህታችን መጣች። ሕፃኑ ሁለት መቶ ግራም ቀንሶ ተገኘ። እህታችን ራሳቸውን ነቅንቀው «ማን ነው እንዲህ አጥቢ ያለሽ?» አሏት። እናቲቱ ደንግጣ የዱቄት ወተት ገዛች፤ ማጥባቱንም ልትተወው ሆነ። ባለ ማዶዋ ይህን ስትሰማ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘልላ ወጥታ «ሴትዮ፣ እንጀራዬን ልትዘጊ ነው?» ብላ በራቸው ላይ ቆመች። እህታችን አጸፋውን ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን የልጅነት ዐመላቸው ቀደማቸው።

«ቆይ እስቲ፣ ሚዛንሽን አምጪው።»

ከሱቅ ያልተከፈተ አንድ ኪሎ ስኳር አስመጡ። በባለ ማዶዋ ሚዛን ልክ አንድ ኪሎ ሆነ፤ በእህታችን ሚዛን ስምንት መቶ ግራም። ደግመው መዘኑት፤ ያው ስምንት መቶ። «የኔው ነው ለካ ቀጣፊው» አሉ። ሁለቱ በዚያው ቀን እናቲቱ ቤት አብረው ሄዱ፤ እህታችን ይቅርታ ጠየቁ፤ ሕፃኑም ሳምንት ሳይሞላ ወደ ጡቱ ተመለሰ።

ታዲያ የሌሎቹስ ሚዛን? ይህ ጥያቄ እረፍት ነሣቸው። የቀሩትን አማካሪዎች በየበራቸው እየሄዱ ለመኑ። ሁለቱ መጀመሪያ ፊታቸውን አዙረውባቸው ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሰባቱም ሚዛን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። ስኳሩ ሲዞር ሌሎች ሁለት ሚዛኖች ሲዋሹ ተያዙ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንዷ ግን እየሳቀች አለቀሰች፤ «እኔኮ የምሳሳተው ብቻዬን ይመስለኝ ነበር» አለች።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ መሰብሰባቸውን አላስታጎሉም። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ የተሳካልሽን ከማውራትሽ በፊት ያልገባሽን ተናገሪ። አንዷ ስትታመም ሌላዋ አራሶቿን ትይዝላታለች፣ ስትድን ትመልስላታለች። ጀማሪዋም ብቻዋን አትገባም፤ ከነባሯ ጋር ቤት ለቤት ትዞራለች።

እህታችንን በ2015 ዓ.ም. የጉበት ሕመም አገኛቸው። ሐኪሙ «እናቴ፣ እኔ ልመርምርዎት ወይስ እርስዎ?» እስኪሉ ድረስ እየጠየቁ ታከሙ። ሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው አረፉ። የመጨረሻ ቃላቸው «ስልኬን ማን ይዞልኛል?» የሚል ነበር።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እኛ ወንድምና እህቶቻቸው፣ ዛሬ አርባ የደረሱት የሙያ እህቶቻቸውም በሐዘን ላይ ነን። ወዳጆቼ፣ ከፊታችሁ የቆሙትን አማካሪዎች ብትቆጥሩ ሠላሳ ዘጠኝ ታገኛላችሁ። አርባኛዋ ባለ ማዶዋ ናት። በዚህች ሰዓት አራስ ብትደውል መልስ እንዳታጣ ብላ፣ የእህታችንን ስልክ ይዛ እዚያች ክፍል ተቀምጣለች። የት ቀረች ብላችሁ እንዳትታዘቧት።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ በእቅፉ ይቀበልልን፤ እኛንም ያጽናናን፤ ስልኩን ያነሣችውንም ያበርታልን።