ነባሩ መስመር ይቆይልኝ

ከዓይኔ ርቀሽ ከልቤ ላልራቅሽ ልጄ፤ ጤንነትሽ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ደህና ነኝ።

ትናንት የኢንተርኔት ባለሙያው መጥቶ አማራጮቹን አስረዳኝ። ፋይበሩ እጅግ ፈጣን ነው፤ በሲም ካርድ የሚሠራው ገመድ ባያሻውም ደመና ባየ ቁጥር ያኮርፋል፤ በነባሩ የስልክ መስመር የሚመጣው ደግሞ ቀርፋፋ ነው።

«አባባ፣ ፋይበሩን ያስገቡ እንጂ! ይሄ እኮ ኤሊ ነው» አለኝ።

«የቤት ስልኬ ቁጥርስ?»

«እሱማ ይቀየራል።»

«እንግዲያው ኤሊዬን ተውልኝ» አልሁት፤ ሳቀብኝ።

ከልጅነትሽ ጀምሮ በቃልሽ የያዝሽው ቁጥር እርሱ ነውና። ስልኩ ደህና ይሠራል፤ ጠዋት ጠዋት አንስቼ አለመቋረጡን አረጋግጣለሁ። የማነብበትንም ወንበር ወደ አጠገቡ አዛውሬዋለሁ።

ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ። ቸር ያሰማኝ።

አባትሽ