መምህር ምንይችል ሰውአገኝ፦ አለሜን የጻፉ ሰው

መምህር ምንይችል ሰውአገኝ በ1951 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ከአባታቸው ከቄስ ሰውአገኝ ደሳለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገለቴ ቢሆነኝ በላስታ፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ በታች ባለች መንደር ተወለዱ። ከሳቸው በፊት የተወለዱት ታላቅ ወንድማቸው መሪጌታ ደግሰው ናቸው። አባታቸው ሁለቱንም ለቤተ ክርስቲያን አስበዋቸው ፊደል አስቆጥረው ዳዊት አስደግመዋቸው ነበር። ታላቅዬው በዜማው ሲዘልቁ ምንይችል ግን ላሊበላ ወርደው አስኳላ ገቡ። አባታቸው በዚህ ብዙ አኩርፈዋቸዋል።

በደሴ የመምህርነት ሥልጠና ወስደው በ1973 ዓ.ም. ወገል ጤና የአማርኛ መምህር ሆነው ተመደቡ። እዚያው ወይዘሮ ስሜነሽ ቢተውን አይተው ወደዱ፤ በ1979 ዓ.ም. ተጋብተው እየሩስንና ንጋትን ወለዱ። ኋላም ወደ ላሊበላ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው አስተማሩ። ደብተር ሲያርሙ ምሕረት አያውቁም ነበር። ዛሬ እዚህ ቅጥር ውስጥ ከቆመው ለቀስተኛ ግማሹ ቀይ እስክሪብቷቸውን የቀመሰ ነው፤ ይቅር ይበላቸው።

በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ንብ ያነባሉ ወይም ሱቅ ይከፍታሉ ብለን ስንጠብቅ፣ እሳቸው «ልብ ወለድ ልጽፍ ነው» አሉን። ነገሩ በክፉ ዘመን ታናሽ ወንድሟን ይዛ እህል ፍለጋ ከላስታ ስለ ወጣች፣ አለሜ ስለምትባል ሴት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ» እያሉ የሰው ልጅ ሲያስጨንቁ የኖሩት መምህር የመጀመሪያዋ ገጽ አልወጣ አለቻቸው። አለሜ አፏን በከፈተች ቁጥር እንደ አስተማሪ ታወራለች። ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ይቀዳሉ፣ ምሳ ሲቀርብ አይሰሙም። የሴቶችን አነጋገር ለመያዝ ገበያ ወርደው እየቆሙ ያዳምጡ ጀመር፤ አንዷ ሻጭ «ጋሼ፣ የሚገዙት ሽንኩርቱን ነው ወይስ እኔን?» ብላ አሳፍራቸዋለች። ያን ቀን ግን አለሜ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተናገረች። ደስታቸው እንዲህ በቀላል አይነገርም፤ ያገኙትን ሁሉ እየያዙ ያነቡለት ነበር።

ጭንቁ የመጣው ከወንድማቸው ነው። መሪጌታ ደግሰው ዘንድ «ልብ ወለድ» ማለት ሰው ከልቡ ፈጥሮ የሚያወራው ሐሰት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። የቄስ ሰውአገኝ ልጅ በሽምግልናው ያልተወለደችውን ተወለደች፣ ያልሆነውን ሆነ እያለ ወረቀት ይሞላል መባሉን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። በ2012 ዓ.ም. በገና ዕለት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «ወይ እሱን ተው፣ ወይ እኔን ተወኝ!» አሏቸው። መምህር ግን መጻፋቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወንድማማቾች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲተላለፉ እንኳ አይተያዩም ነበር። ይህ ነገር ሁላችንንም አንገት አስደፍቶናል።

በጦርነቱ ጊዜ ወደ ገጠር ስንሸሽም ወይዘሮ ስሜነሽ ብርድ ልብስ ሲሸክፉ እሳቸው ወረቀታቸውን ሸከፉ። «አለሜ በእግሯ ትምጣ!» ብለው ቢቆጧቸውም አልሰሙም።

በጥር 2017 ዓ.ም. የጉበት ሕመም እንደጠናባቸው ተነገራቸው። የቀረው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር፤ አለሜ የምትሞትበት። መግደሉ አልሆንላቸው ብሎ ይህችን ምዕራፍ ለረጅም ጊዜ ሲሸሿት ኖረዋል፤ አሁን ግን ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም አልታወቅ አለ። በዚህ መሐል መሪጌታ በደብራችን ካህን በቄስ ምሥጋናው በኩል ቃል ላኩ፦ «ወረቀቱን ያቃጥል፤ ዛሬውኑ እመጣለሁ።» መምህር ወንድማቸውን እንዴት እንደናፈቁ እናውቃለን፤ ትኩሳቱ ሲነሣባቸው የሚጠሩት እሳቸውን ነበር። እንዲያም ሆኖ፣ «ወረቀቱን ማቃጠልስ ምን ችግር አለው፤ አለሜን እንዴት አድርጌ ላቃጥላት?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቄስ ምሥጋናው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

እጃቸው እስክሪብቶ መያዝ ሲያቅተው ለልጃቸው ለእየሩስ በቃል ያስጽፉ ጀመር። በዳግም ትንሣኤ ማግሥት መሪጌታ ደግሰው «ወንድምዎ አለቀለት» የሚል ወሬ ሰምተው፣ ዳዊታቸውን በብብታቸው እንደያዙ ከተፍ አሉ። እየሩስ ከአልጋው አጠገብ ስትጽፍ ሲያዩ ኑዛዜ መሰላቸው። ሰው ሲናዘዝ አይቋረጥምና ድምፅ ሳያሰሙ በሩ ሥር ቁጭ አሉ። መምህር ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር አላዩአቸውም። አለሜ መሞቷን አውቃ፣ ወንድሟ እንዳያያት ውኃ ቅዳ ብላ ስትልከው፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ተናገሩ። መሪጌታ አልቻሉም፤ አለቀሱ። «አንተ ምንይችል፣ ይህችን ምስኪን የት አገኘሃት? የክርስትና ስሟን ንገረኝና በጸሎት ላስባት» አሉ።

ወይዘሮ ስሜነሽ ባላቸውን በዓይናቸው ለመኗቸው። ስም ማውጣት እንደሆነ ሥራቸው ነው፤ አንዱን ስም ቢጠሩ ነገሩ በሰላም ባለፈ። መምህር ግን ወንድማቸውን አልዋሹም። «ወንድም ጋሼ፣ የክርስትና ስም የላትም። ልብ ወለዴ ናት» አሉ።

መሪጌታ ብድግ አሉ። ጥለው ሊወጡ ነው አልን። እሳቸው ግን መጥተው ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። «ልጁ ውኃውን ይዞ ተመለሰ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«ገና ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ልጁን መንገድ ላይ ጥለኸው ልትሄድ ነው? ጨርስ እንጂ!» ብለው ተቆጡ፤ የወንድማቸውን እጅ ይዘውም ልጁ እስኪመለስ ድረስ አደመጡ።

መምህር ምንይችል ሰውአገኝ መጽሐፋቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ መሪጌታ ደግሰው ዳዊት እየደገሙላቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስሜነሽ፣ ልጆቻቸው እየሩስና ንጋት፣ እንዲሁም ታላቅ ወንድማቸው በሐዘን ቀርተዋል። ዓለሙን በቃሉ የፈጠረ ጌታ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለወንድማቸውም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።