ቀሪውን ለማዳመጥ

ውድ ጆሮ፣

ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ስም የሚጠራሽ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። እማዬ እንኳ ስላንቺ ስታወራ በመዝገብ ስምሽ ነው የምትጠራሽ፤ የጎረቤት ልጅ ያደረገችሽ ይመስል። እኔ ግን በልጅነታችን የምንንሾካሾከውን ሁሉ እየሰማሽ ስላስቸገርሽን የወጣልሽን ስም መተው አልሆነልኝም። ደጋግሜ ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም። የድምፅ መልእክት ልልክልሽ ጀመርኩና የደበቅሁትን ሁሉ ከትንፋሼ እንዳታውቂብኝ ፈርቼ አጠፋሁት። በጽሑፍ ትንፋሽ አይሰማም። ስለዚህ ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው። አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ፣ እቀመጣለሁ። እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» አለችኝ።

መጀመሪያ ዋናውን ልንገርሽ፤ ሴትየዋ ድናለች። ልጇም ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ይህን ለእማዬ ነግሬያት እንድታደርስልሽ ብዬ ነበር፤ «እኔ መልእክተኛችሁ አይደለሁም፣ አፍ አላችሁ» ብላ እምቢ አለች። ለእኔም እንዲህ መላኩ ትንሽ ሆኖ ታየኝ። ዜናውን ብቻ ብልክልሽ «እሰይ» ብለሽ ታልፊው ይሆናል፤ እኔ የምፈልገው ግን የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው አንስተሽ ከእኔ ጋር እንድታዪው ነው። አንድ ሸክም ነበር። አንቺ ብቻሽን ይዘሽው ሄድሽ፣ እኔም ብቻዬን ይዤው ቀረሁ፣ አሁን ሁለት ሆነ።

ታስታውሻለሽ፣ ፖድካስቱን ለመጀመር ያሰብሽው አንቺ ነበርሽ። እኔ ጤና ጣቢያ አዋላጅ፣ አንቺ ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ድምፅ አቀናባሪ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ሴቶች ሐኪሙ ፊት ያፈሩበትን ጥያቄ ኮሪደር ላይ ጎትተው እንደሚጠይቁኝ ስነግርሽ «ለአንድ ለአንድ ሰው ስታንሾካሹኪ ከምትኖሪ ለሁሉም አንዴ አትናገሪውም?» አልሽኝ። የእማዬ ስፌት ክፍል ውስጥ ገባን፤ የተሰቀለው የሰው ልብስ የድምፁን ማስተጋባት ዋጥ ስለሚያደርገው። እማዬ እግሯን ከመርገጫው ላይ አንስታ፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ «ዝም ብዬ ለምቀመጥበት የሚከፈለኝ አለ?» ስትል አንቺ ማዳመጫውን ጆሮሽ ላይ እንዳደረግሽ ሳቅሽ። ያን ሳቅ ልትቆርጪው ነበር፤ እኔ ተዪው አልኩሽ። ከዚያ በኋላ እኔ ስቀልድ አንቺ ከጀርባ ስትስቂ ያልተሰማበት ክፍል የለም።

መቼም ገንዘብን ሳያነሱ ይህን ታሪክ መጨረስ አይቻልም። በየክፍሉ መጨረሻ «ከወደዳችሁን ደግፉን» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመቅዳት ከሙሉው ወሬ የበለጠ እንለፋ ነበር። አንዴ «የተበዳሪ ድምፅ አወጣሽ» ትይኛለሽ፣ አንዴ «አሁን ደግሞ ቀረጥ ሰብሳቢ መሰልሽ።» ድጋፉ አልቀረም፤ ግን እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፣ አንድ ሳምንት ይሞላል፣ ሦስት ሳምንት ጠጠሩ ይታያል። የሚጎርፈው ምርቃት ነበር። «ማኅፀንሽ ይባረክ» ብላ የጻፈችልኝን ሴት መልእክት ሳነብልሽ፣ አንቺ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ስለነበር፣ «አከራዬ ምርቃት ይቀበል እንደሆነ እጠይቀዋለሁ» አልሽ። እኔ ደመወዝ ነበረኝ፤ አንቺ ግን ሥራሽን ለቀሽ ነበር። ይህን ልዩነት በልኩ ያየሁት አይመስለኝም።

በወር ክፍያ እናድርገው ስትይ ተከራከርኩሽ። ድጋፍ ከሆነ ያላትም የሌላትም እኩል ትሰማለች፤ ክፍያ ከሆነ ደግሞ የምናስከፍላት ሴት ምን እንደሚያስፈልጋት ገና ሳታውቅ ነው ግዢ የምንላት አልኩሽ። አንቺም ማዳመጫውን አንገትሽ ላይ አውርደሽ እንዲህ አልሽኝ፤

«ስጦታ የሚሰጠው ሰው ደስ ሲለው ነው። እኔ ግን የሚርበኝ ሰው ደስ ባለው ቀን ብቻ አይደለም።»

ተደራድረን ግማሽ መንገድ ላይ ቆምን፤ የእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ለሁሉም፣ የቀረው በየወሩ ለሚከፍሉ። መቁረጫው ላይ «ቀሪውን ለማዳመጥ ይመዝገቡ» የምትለዋን ባንቺ ድምፅ ቀዳናት። ሠራ ደግሞ! ሰው ከፈለ። አንቺ መደገፊያ ያለው ወንበር ገዛሽ፣ እኔ የእሑድ ተረኛነቴን ተውኩ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ እሑድ ጠዋት አልጋዬ ላይ ተገላብጬ መተኛት ምን እንደሚመስል ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ስለ ራስ ምታት የሠራነው ክፍል መጣ። መጀመሪያ ላይ ያልኩት እውነት ነበር፤ በእርግዝና ጊዜ ራስ ምታት የተለመደ ነው፣ ውሃ ጠጡ፣ አረፍ በሉ፣ አትደንግጡ። ቀጥዬ ያልኩትም እውነት ነበር፤ አልለቅ ካለ፣ ዓይን ብዥ ካለ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ ከጎድን አጥንት በታች ካመመ፣ ያ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል። አንቺ መቁረጫ ስትፈልጊ «አትደንግጡ» ካልኩ በኋላ ትንፋሽ የወሰድኩበትን አገኘሽ። ለጆሮ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። አሰማሽኝ፤ እኔም ሰምቼ «ቆንጆ ነው» አልኩ። ቃል በቃል እንደዚያ ነው ያልኩት። አዋላጇ እኔ ነኝ፣ ቆንጆ ነው አልኩ።

ሆስፒታል ማዋለጃ የምትሠራው ጓደኛዬ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። አንዲት ነፍሰ ጡር አንዘፍዝፏት ራሷን ስታ መግባቷን፣ ልጇን በቀዶ ሕክምና ያለ ጊዜዋ እንዳወጧት፣ እናትየዋ ስትነቃ ዓይኗ እንደማያይ ነገረችኝ። ባልየው የሕመሙን አጀማመር ሲጠየቅ፣ ከፖድካስት ሰምታ ውሃ ጠጥታ ተኛች ብሎ መለሰ። ጓደኛዬ የማን ፖድካስት እንደሆነ ወዲያው አወቀች።

ለአንቺ ስነግርሽ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ያየሁትን ግን አታውቂም። ወዲያው ኮምፒውተሩን ከፍተሽ ሁሉንም ክፍል ያለ ክፍያ ለቀቅሽው። አንዱን ከፈትሽ፣ ሌላውን ከፈትሽ፣ ወንበርሽን እንኳ ሳትስቢ ቆመሽ። ስትጨርሺ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልሽ። እኔ ደግሞ ቃል ፈለግሁ። ዕድሜ ልኬን ቃሌ በዝቶ አንቺ ስትለቅሚው ኖረሽ፣ ያን ቀን ግን አንዲት እንኳ አጣሁ። አንቺ ዝምታዬን ፍርድ አድርገሽ ወሰድሽው። በማግስቱ ወደ አክስታችን ከተማ ሄድሽ፣ እዚያም ማስታወቂያ ቤት ገባሽ አሉኝ። ዝም ያልኩት ስለፈረድኩብሽ አልነበረም። «ቆንጆ ነው» ያልኩትን አስታውሰሽ መልሰሽ እንዳትነግሪኝ እየፈራሁ ነበር። አንቺ ግን አልነገርሽኝም። ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልለሽ ሄድሽ።

ሴትየዋ ከሆስፒታል ስትወጣ በጓደኛዬ በኩል ፈቃዷን ጠይቄ ቤቷ ሄድኩ። ባሏ በያጅ ነው፤ ከሥራ ቦታው ጀርባ ባለች ክፍል ይኖራሉ። ግድግዳው ላይ ያላለቁ የብረት በሮችና የመስኮት ፍርግርጎች ተደርድረው፣ በመሐላቸው ጎኔን እያሾለክሁ ነው የገባሁት። መሰደቤን ጠብቄ ነበር። እንዲያውም ፈልጌው ነበር ብልሽ ይቀላል። ሴትየዋ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ልጅቷን ደረቷ ላይ አስተኝታለች። ዓይኗ ተመልሶላታል፤ ሆስፒታል እያለሁ ቀስ በቀስ ነው የመጣልኝ አለች፣ መጀመሪያ ብርሃን፣ ከዚያ የሰው ቅርጽ። ገና «እንዴት ነሽ» ስል «ድምፅሽ!» ብላ ፈገግ አለች። ባሏ ሲስተር እያለ አንቱ ይለኛል፤ እሷ ግን ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ስለኖርኩ አንቺ ነው የምትለኝ።

ልጠይቅ የሄድኩትን ሳልጠይቅ እሷው አነሳችው።

«እህትሽ ቀሪውን ለማዳመጥ ስትል ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ቀሪው ጨዋታ መስሎኝ ነበር።»

ጆሮ፣ ይህችን ቃል ይዤ ነው መቀመጥ ያቃተኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ እንዲሁ ነው የነገረችኝ። ቀሪው ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ባሏ በር ላይ ቆሞ ጓንቱን በእጁ እያሻሸ፣ ከዚያ በፊት ልመዝገብ ብላ ለምናው እንደነበር፣ እሱም «ወሬ በገንዘብ የሚገዛ ሰው አይቼ አላውቅም» ብሎ እንደሳቀባት ነገረኝ። ሲነግረኝ የሚያየው መሬቱን ነበር። እኔ ያንተ ጥፋት አይደለም አልኩት፣ እሱ የእርስዎም አይደለም አለኝ፣ እሷ ደግሞ «እንግዲህ ልጅቷን እንዳትቀሰቅሱብኝ» አለችን። ሰውየው ጓንቱን ኪሱ ከትቶ፣ ለመሆኑ አሁን እንዴት ነው የሚከፈለው ብሎ ጠየቀኝ። እንዴት እንደሚከፈል አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። «እህቴን ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ልወጣ ስነሳ ሴትየዋ እጄን ያዝ አድርጋ «ያቺ ከኋላሽ የምትስቀው ልጅስ? ሰሞኑን አትሰማም» አለችኝ። እሷንስ አልዋሸኋትም፤ ሄዳለች አልኳት።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሠራኋቸው ክፍሎች ሁሉ ክፍት ናቸው። ይከፍሉ የነበሩት ብዙዎቹ ተዉ፤ ለምን ይክፈሉ፣ ጎረቤታቸው በነጻ እየሰማ? ጥቂቶቹ ግን ሳይጠየቁ ቀጠሉ። እሑድ ተመልሼ ተረኛ ሆኛለሁ። ገንዘቡ ጥፋት የለበትም ብዬ ላጽናናሽ አልሻም፤ አለበት። ግን እንደ ድሮው እየለመንን ብንቀጥል ኖሮ አንቺ ቀደም ብለሽ ማስታወቂያ ቤትሽ ተመልሰሽ፣ ያ ክፍል ጨርሶ አይሠራም ነበር። ያኔ ግማሹንም የሚሰማ የለም። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፤ ስነሳ ስቀመጥ የማላምጠው ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። ነፍስ የሚነካ ነገር ለዘላለም አይዘጋ፤ የሴቶቹ ታሪክ፣ ጭውውቱ፣ የእኔና ያንቺ ቀልድ ለከፋዮች ይሁን። ጥሩ ይመስላል አይደል? ከዚያ ልለያቸው እቀመጥና ይምታታብኛል። ባለፈው አንዲት እናት ስለ አማቷ እያወራች፣ እየሳቀች፣ በመሐል እግሯ አብጦ እንደነበረ ጣል አድርጋ አለፈች። ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ነፍስ? እኔ ምልክቱን አውቃለሁ፤ ሰው ሲሰማ የቱ ጋ ጆሮው እንደሚደክም፣ የቱ ጋ ያለቀ እንደሚመስለው ግን አላውቅም። ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ብቻዬን መስመሩን ባሰምር ደግሜ ሰው እጎዳለሁ ብዬ እፈራለሁ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ወይም ይቅር ልልሽ ብቻ አይደለም የጻፍኩት፤ ሥራው ያለ አንቺ ያስፈራኛል።

ከደብዳቤው ጋር ፍላሽ አለ። ሴትየዋ «የደረሰብኝን ራሴ ልናገረው፣ ግን ይኼኛው እንዳይዘጋ» ስላለችኝ ቤቷ ሄጄ ቀዳኋት። ልብስ የተሰቀለበት ክፍል አይደለም፤ ብረት በብረት ነው፣ ያስተጋባል፣ ትስቂብኛለሽ። መሐል ላይ ዓይኗ ጠፍቶ ሳለ ልጅቷን አምጥተው ሲያስታቅፏት፣ ፊቷን በጣቷ እየዳሰሰች ማንን እንደምትመስል ለማወቅ የሞከረችበትን ትነግረኛለች። እዚያ ላይ ትቆማለች። አታለቅስም፤ መናገር ብቻ ታቆማለች። ውጭ ይቀጠቀጥ የነበረው መዶሻም ይቆማል፤ ባልየው ለካ ሲሰማ ነበር። ከዚያ ረጅም፣ በጣም ረጅም ዝምታ ነው። አድማጭ ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ልቆርጠው ብዙ ጊዜ ጣቴን አሳርፌበት ብዙ ጊዜ አነሳሁ።

ቅዳሜ ይለቀቃል። እስከዚያ ስሚውና ወይ ቆርጠሽ ላኪልኝ፣ ወይ እንዳለ ይሁን በዪኝ። ሌላ ምንም ባትዪኝ ይህን አንድ ቃል ብቻ በዪኝ። ምንም ካልሰማሁ ዝምታውን ከነርዝመቱ እለቀዋለሁ፤ አንቺ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» ባልሽ ቀን መልሴን ስትጠብቂ የቆየሽው በዚያው ልክ እንደነበር ስሰማው ነው የገባኝ።

ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ከትታ እንኳ መቀመጥ ያቃታት፣
ታላቅ እህትሽ